የግድግዳው ወፎችና የትልቋ እማሆይ ክረምት

በቀደም ኢየሩሳሌም ውስጥ ከነቢያት መንገድ ወደ ኢትዮጵያ መንገድ ስታጠፍ አንድ አሮጌ ቤት ሲጠገን ደረስሁ። እርጥብ ኖራ ሸተተኝ። ሌላ ሰው ሽታውን ይወደው ይሆናል፤ እኔ ግን ሳላስበው ቀና ብዬ የግንቡን ቀዳዳዎች መፈለግ ጀመርሁ። ግንበኞቹ ምን ጠፋባት በሚል ዓይን አዩኝ። ምን ብዬ ላስረዳቸው? ኖራ በሸተተኝ ቁጥር የአንዲት አሮጊት መነኩሲት ሳል ይሰማኛል፤ ከሳሉ በላይ ደግሞ የወፍ ጩኸት።

ያን ጊዜ ከኢትዮጵያ ከመጣን ጥቂት ዓመት ሆኖን ነበር፤ ቂርያት መናሔም የሚባል ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ እንኖራለን። ዕድሜዬ ዐሥራ ሁለት ገደማ ነው። ገደማ የምለው የተወለድሁበትን ቀን በትክክል የሚያውቅ ስለሌለ ነው። ትምህርት የጀመርሁት እዚሁ መጥቼ በመሆኑ በብዙ ከሚያንሱኝ ልጆች ጋር ተቀምጬ፣ ጉልበቴ ከጠረጴዛው ሥር እየተላተመ ነበር የምማረው። ማንበብ ከቻልሁ ወዲህ ግን የሚያቆመኝ አልነበረም፤ የመድኃኒት ብልቃጥ ሳይቀር አነብብ ነበር።

እናቴ ኢትዮጵያ መንገድ ላይ ያለ የአንድ ሕንፃ ደረጃ ታጸዳለች። ከትምህርት ቤት ስወጣ አውቶብስ ይዤ እሷ ዘንድ እሄድና እስክትጨርስ እጠብቃታለሁ። የምጠብቃት ፊት ለፊት ባለች የኢትዮጵያውያን መነኮሳይያት ግቢ ደጃፍ ላይ ነው። ግቢዋ ትንሽ ናት፦ አንድ የውኃ ጉድጓድ፣ አንድ የሎሚ ዛፍ፣ በአሮጌ የድንጋይ ግንብ ጥግ የተደረደሩ ክፍሎች። እናቴ ደጃፉ ላይ መቀመጥ ፈቅዳልኛለች፤ ከደጃፉ ማለፍ ግን የለም። የክርስቲያን ግቢ ነዋ፤ እኛ ደግሞ ቤተ እስራኤል። «ሰው ያይሻል» አለችኝ። ማን እንደሚያየኝ ስላልነገረችኝ መንገደኛው ሁሉ የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር።

ክረምት ገባ፤ እዚህ አገር ዝናቡና ብርዱ አንድ ላይ ነው የሚመጡት። አንድ ቀን ደጃፉ ላይ ተኮራምቼ ስበሰብስ እማሆይ ወለተ ሐና የሚባሉት መነኩሲት በሩን ከፈቱ።

«አንቺ ልጅ፣ የዝናብ መለኪያ ነሽ እንዴ? ግቢ።»

እማሆይ ወለተ ሐና የደምቢያ ሰው ናቸው፤ አነጋገራቸው እንደ እናቴ ስለሆነ እምቢ ማለት አልቻልሁም። ተከትያቸው የገባሁት የትልቋ እማሆይ ክፍል ነበር። ሌላ ስም ነበራቸው፤ በግቢው ሁሉም ትልቋ እማሆይ ስለሚላቸው እኔም እንዲሁ አልሁ። እሳቸው አልጋቸው ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልለዋል። ከራስጌያቸው በላይ ግንቡ ተሰንጥቆ ቡጢ የሚያስገባ ቀዳዳ ሆኗል፤ ዝናቡ በዚያ ገብቶ በግድግዳው እየተንዠቀዠቀ ከሥር የተቀመጠ ሳፋ ውስጥ ይወርዳል።

«ይቺ ደግሞ የማን ናት?» አሉ ትልቋ እማሆይ።

«የዚያች የጽዳት ሠራተኛ ልጅ ናት።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለች፣ ውኃውን አትጠርግም?» ብለው ሳቁ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ሳሉ እስኪያልቅ ሁላችንም ቆመን ጠበቅን። ቶሎ አላለቀም።

ከዚያ ቀን ወዲያ እናቴ፣ ከሳንባ ምች ይሻላል ብላ መሰለኝ፣ ግቢው ውስጥ መቀመጤን ፈቀደች። እማሆይ ወለተ ሐና በመጣሁ ቁጥር ብርቱካን ይሰጡኛል። አሰጣጣቸው ግን ያስጨንቀኝ ነበር፦ ሳይልጡ አምጥተው ከጉድጓዱ አፍ ባለው ድንጋይ ላይ ያስቀምጡና ዞር ይላሉ። ከእጄ ጋር እጃቸው ተነካክቶ አያውቅም። ትምህርት ቤት እጄን ላለመያዝ ሰልፍ የሚለውጡ ልጆች ስለነበሩ ነገሩን የማውቀው መሰለኝ። ብርቱካኑን እበላለሁ፣ ልጣጩን ኪሴ እከትታለሁ፣ የነካሁትን ድንጋይ በእጅጌዬ እጠርጋለሁ።

በዚያው ሰሞን ኤልያስ የሚባል ግንበኛ ከቤተልሔም ተጠርቶ መጣ፤ ወፈር ያለ፣ ኪሱ ሁልጊዜ እርሳስ የማይለየው ሰው ነው። እማሆይ ወለተ ሐና በዐረብኛ ሞከሩ፣ ሲያቅታቸው እኔ በዕብራይስጥ አገዝኋቸው። ኖራ በዝናብ አይደርቅም፤ ስለዚህ ሥራው ክረምቱ ሲወጣ ይሁን ተባለ። እማሆይ ወለተ ሐና ግን ክረምቱ መውጣቱ አልበቃቸውም። በቀዳዳዎቹ ወፎች ይገባሉ፣ ይፈለፍላሉ፣ ጰራቅሊጦስ ሲደርስ ጫጩቶቻቸውን አብርረው ይሄዳሉ፤ ና የምልህ ከጰራቅሊጦስ በኋላ ነው አሉት። ጰራቅሊጦስን በዐረብኛ ያውቁት ስለነበር ራሳቸው ነገሩት። ኤልያስም ክርስቲያን ነው፤ በጭንቅላቱ እሺ ብሎ ሄደ።

«የትኞቹ ወፎች?» አልኋቸው። ግንቡ ላይ ወፍ አይቼ አላውቅም።

«ቆይ፤ ሲመጡ ትሰሚያለሽ።»

እውነትም የሰማሁት ከማየቴ በፊት ነው። የካቲት ውስጥ፣ ብርዱ ገና ሳይለቅ፣ ከጣራው በላይ የሴት እሪታ የመሰለ ጩኸት አለፈ። ሰው የሞተ መስሎኝ ወደ ትልቋ እማሆይ ክፍል ሮጥሁ። እሳቸው ተቀምጠው ወደ ላይ እያዩ ፈገግ ብለዋል። ጥቋቁር፣ ክንፋቸው እንደ ማጭድ የታጠፈ ወፎች ተያይዘው ግንቡን ሊላተሙ ይመጡና ከመላተማቸው በፊት ይታጠፋሉ። በአማርኛ ምን እንደሚባሉ እማሆዮቹም እናቴም አላወቁም፤ የግድግዳው ወፎች ይሏቸዋል። በዕብራይስጥ ሲስ ይባላሉ።

ከክፍላችን ቤተ መጻሕፍት ለትንንሽ ልጆች የተጻፈ የወፎች መጽሐፍ አወጣሁ። ሲስ መሬት ላይ አያርፍም፣ የሚበላውም የሚተኛውም እየበረረ ነው ይላል። ከዚህ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ ማለት ይቻላል። መሬት የማያርፍ ወፍ ግንብ ውስጥ ገብቶ ቢቆይስ? አንዱ ይገባል፤ እጠብቃለሁ፤ አይወጣም። ታፍኖ የሞተ ይመስለኛል። እናቴ ጨርሳ ስትጠራኝ አልነሣም፤ አውቶብስ ያመልጠናል፤ እናቴ ትቆጣለች። በማግሥቱ ያው ወፍ ይሁን ሌላ፣ ከዚያው ቀዳዳ ሲወነጨፍ አያለሁ። እንዲህ በመጨነቅ ብዛት የግንቡን ቀዳዳዎች ለየኋቸው። አብዛኛዎቹ ባዶ ናቸው። ወፎቹ የያዟቸው ሦስት ብቻ ናቸው፦ ሁለቱ ከጣራው ሥር፣ ሦስተኛው ያ ውኃ የሚያስገባው፣ ከትልቋ እማሆይ ራስጌ በላይ ያለው።

የኛ ፋሲካ ካለፈ ከብዙ ጊዜ በኋላ የነሱ ሕማማት ገባ። ግቢው ገብቼ እንዴት ዋላችሁ ስል መልስ የሚሰጠኝ ጠፋ። እማሆይ ወለተ ሐና አንገታቸውን ደፍተው አለፉኝ። በሕማማት ሰላምታ እንደማይሰጣጡ በምን አውቃለሁ? አባረሩኝ ብዬ ያን ሳምንት በሙሉ ደጃፉ ላይ ተቀመጥሁ። ወፎቹን ከዚያ ሆኜ ሳያቸው ቀዳዳዎቹ ግማሽ ብቻ ይታያሉ።

ከፋሲካቸው በኋላ ተጠርቼ ገባሁ። ከሎሚው ሥር አንድ ሲስ ወድቋል። ረጃጅም ክንፎቹን ዘርግቶ መሬት ለመሬት ይንፏቀቃል፤ እግሩ ከማጠሩ የተነሣ የለውም ማለት ይቀላል። እማሆይ ወለተ ሐና ጎንበስ ብለው በሁለት እጃቸው አነሡት። ከከፍታ ካልተለቀቀ አይነሣም፤ ወደ ጣራ የሚያወጣው ደረጃ ደግሞ ለጉልበታቸው አይሆንም። ወፉን አዩ፣ ደረጃውን አዩ፣ እኔን አዩ።

«እጅሽን አምጪ።»

እጄን ወደ ኋላዬ ደበቅሁ። «እማሆይ፣ እርስዎ እኔን ይጠየፉኝ የለም ወይ?»

«ማነው ያለሽ?»

«ብርቱካኑን ድንጋይ ላይ ነው የሚያስቀምጡልኝ።»

«ልጄ፣ ደምቢያ ሳለን የናንተ ሰዎች ጎረቤቶቻችን ነበሩ። ከእጃችን አይቀበሉም፤ መሬት ስናስቀምጥላቸው ያነሣሉ። ሕጋቸው ነው። የእናትሽን ሕግ እንዳላፈርስባት ብዬ ነው እንጂ። ይህን ሁሉ ጊዜ ብርቱካኔን የበላሽው ጠየፈችኝ እያልሽ ነው?»

«አዎ።»

«እና ጣመሽ?»

ወፉን ተቀበልሁ። ትኩስ ነው፤ ክብደቱ ከአንድ ደብዳቤ አይበልጥም፤ ልቡ ግን መዳፌን እየመታ ነው። ጣራው ላይ ወጥቼ ወደ ላይ ወረወርሁት። መጀመሪያ ወደ ታች ወረደ፤ ጨረስሁት ብዬ ዓይኔን ጨፈንሁ። ስገልጥ ከየትኛው ጋር እንደተቀላቀለ መለየት አልተቻለም።

አውቶብስ ላይ ይህን ሁሉ ለእናቴ ነገርኋት። እናቴ መስኮቱን እያየች፣ እኔ ልጅነቴን የጨረስሁት ማማ ላይ ቆሜ ከማሽላችን ወፍ ሳባርር ነው አለችኝ፤ አንድም ወፍ አዝኖልኝ አያውቅም። ቀጥላም፣ እኚያ አሮጊት እያሳሉ አንቺ ስለ ወፍ ታስቢያለሽ አለች። እስከዚያ ቀን ሁለቱን አንድ ላይ አስቤያቸው አላውቅም።

ትምህርት ቤት ነጭ ልብስ ለብሰን ሻቩዖትን፣ የኛን በዓለ ኀምሳ፣ ካከበርን ከቀናት በኋላ ግቢው ስደርስ ግንቡ በእንጨት መወጣጫ ተሸፍኗል። ኤልያስ ኖራ እያቦካ ነው። ከሦስቱም ቀዳዳዎች ጫጩቶቹ ይንጫጫሉ፤ ወላጆቹ እየመጡ መወጣጫው ሲያስፈራቸው ይመለሳሉ። እማሆይ ወለተ ሐና ሁለት እጃቸውን አጣምረው ከመወጣጫው ሥር ቆመዋል።

«ከጰራቅሊጦስ በኋላ አላልሁትም? ንገሪው።»

ነገርሁት። ኤልያስ እርሳሱን ከኪሱ አውጥቶ ወደ ሰማይ አመለከተ። ባለፈው እሑድ ነበርኮ አለ፤ እሱ ራሱ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ አክብሯል። የእማሆይ ጰራቅሊጦስ ግን ገና ሳምንታት ይቀሩታል፤ በዚያ ዓመት ፋሲካቸው ከሁላችንም ዘግይቶ ነበርና። በአንዲት ትንሽ ግቢ ውስጥ አንዱን በዓል ሁለታችን አሳልፈነዋል፣ አንዷ ገና ይጠብቁታል። ማንም ቃሉን አላጠፈም።

ሂድና በኋላ ና እንዳይሉት ሌላ ነገር መጣ። ኤልያስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ፣ እኔም ተረጎምሁ፦ ወደ ኢየሩሳሌም መግቢያ ፈቃዱ ሊያልቅበት ነው፤ መንገዱም በየጊዜው ይዘጋል። ሰገር የሚሉት የመንገድ እገዳ ከሆነ ከቤተልሔም ማንም አይገባም። ዛሬ ካልደፈነው ከክረምት በፊት መመለሱን ማረጋገጥ አይችልም። ከጣራው ሥር ያሉት ሁለቱ ውኃ አያስገቡም፣ እነሱን ሊተዋቸው ይችላል። ጭንቁ ከትልቋ እማሆይ ራስጌ በላይ ያለው ሦስተኛው ነው።

እማሆይ ወለተ ሐና ወደ ትልቋ እማሆይ በር አዩ፤ ወደ ቀዳዳው አዩ።

«ይድፈነው» አሉ። «ሰው ይቀድማል። ንገሪው።»

አልተረጎምሁም። በዕብራይስጥ ሁለት ቃል ብቻ ነው። ኤልያስ ይጠብቃል፣ ኖራው ባልዲው ውስጥ ይደርቃል። ከግንቡ ውስጥ ያለው መንጫጫት ከፍ ያለ መሰለኝ፤ ምናልባት ሌላው ሁሉ ዝም ብሎ ይሆናል።

«ምንድን ነው የሚለው ሰውየው?» ትልቋ እማሆይ ግድግዳውን ይዘው ወጥተው በራቸው ላይ ቆመዋል። እማሆይ ወለተ ሐና ሁሉንም አስረዷቸው። ክረምቱን፣ ፈቃዱን፣ ሳሉን።

«ጫጩቶቹ ላባ አውጥተዋል?» ብለው እኔን ጠየቁኝ።

«ገና ናቸው፣ እማሆይ። በአፋቸው ነው የሚያጎርሷቸው።»

«እንግዲያው ይተወው።»

«እማሆይ፣ ክረምቱስ?» አሉ ወለተ ሐና።

«የኔ ክረምት ገና ነው። የነሱ ግን ዛሬ ነው።» ከዚያ ወደ ኤልያስ ዞረው በአማርኛ፣ እንደሚሰማቸው ሁሉ፣ «አንተም በሰላም ተመለስ» አሉት።

ኤልያስ ሌሎቹን ቀዳዳዎች ደፍኖ፣ ወፎቹ እንዳይፈሩ መወጣጫውን በዚያው ቀን አፍርሶ ሄደ። ሲሄድ እመለሳለሁ አለ፤ ቀኑን ግን አልተናገረም።

ጫጩቶቹ ሲወጡ አላየሁም። የነሱ ጰራቅሊጦስ ባለፈ ሰሞን አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስመጣ ሰማዩ ዝም ብሏል። ሄደዋል፤ ይህ ብቻ ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን ወዲያው ቀዳዳውን አየሁ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ኤልያስን መጠበቅ ጀመርን። በጋው አለፈ፤ መንገዱ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ እንደገና ይዘጋል፤ ፈቃዱ አልታደሰም። ሌላ ግንበኛ ተጠየቀ፤ ለአንድ ቀዳዳ አልመጣም አለ።

የዳስ በዓል ሲያልቅ ምኩራብ ውስጥ የዝናብ ጸሎት ተጀመረ። ለስግድ በዓላችን አርሞን ሃናጺቭ በሚባለው ኮረብታ ላይ ቆመን ቄሶቻችን ሲጸልዩ፣ ሴቶቹ እጃቸውን ዘርግተው ሲለምኑ፣ እኔ ደመናውን አየዋለሁ። አገሩ ሁሉ ዝናብ ይለምናል። እኔ ከነጠላዬ ሥር፣ ጌታ ሆይ ገና ነው፣ ትንሽ ቆይ እለው ነበር። እንዲህ ያለ ጸሎት እንደ ኃጢአት ይቆጠር አይቆጠር የምጠይቀው ሰው አላገኘሁም።

የመጀመሪያው ዝናብ የጣለው ክፍል ውስጥ ተራዬ ደርሶ ጮክ ብዬ ሳነብብ ነው። መስኮቱን መታ። መስመሩ ጠፋብኝ፤ ልጆቹ ሳቁ፤ መምህሯ አመመሽ ወይ አለችኝ። አዎ አልሁ።

ግቢው ስደርስ እናቴ ቀድማኛለች። የጽዳት ጓንቷን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ቆማ ቀዳዳው ውስጥ ጨርቅና ናይሎን ትወትፋለች። ከዚያ በፊት ከደጃፉ አልፋ አታውቅም።

«ምን ታያለሽ? ሳፋውን ያዢ» አለችኝ።

ውተፋው ጥቂት ዝናብ ቻለ፣ ከዚያ ወደቀ። ትልቋን እማሆይ ወደ ሌላ ክፍል እንውሰድዎ ሲሏቸው የሚለቅ ክፍል እንደሌለ ያውቃሉና እምቢ አሉ። አልጋቸው ወደ መካከል ተሳበ። ሳሉ ከረመ፤ ሐኪም መጣ፣ ሽሮፕ ታዘዘ፣ ብልቃጡን አነበብሁት። በስመ ወፍ ሰው ገደልን የሚል ሐሳብ መጥቶብኝ ነበር። አንድ ቀን ለትልቋ እማሆይ እንዲህ ብዬ ነገርኋቸው፦ ስለኛ ወፎች ነው የታመሙት።

«ያንቺ ወፎች ማን አደረጋቸው?» አሉኝ። «አመድ የመሰለ ፊት ይዘሽ አትግቢብኝ። እኔ ከነሱ በፊትም አስል ነበር።»

ኤልያስ የመጣው በክረምቱ መጨረሻ፣ ዝናቡ ለጥቂት ቀን ባቆመበት ጊዜ ነው። ከስቷል። ስለ ወራቱ ማንም አልጠየቀውም፤ እሱም አላወራም። ቀዳዳውን በጣቱ ለካና ወደኔ ዞረ፦ መቼ ነው የሚመጡት? ዛሬም ነገም ሊሆን ይችላል አልሁት። ታዲያ ልድፈን ልተው አለ። ትልቋን እማሆይ አየኋቸው። በልቤ ይተወው እንዲሉ ፈልጌ ነበር፤ ባለፈው እንዳሉት ያለ ነገር እንዲሉ።

«ይድፈነው» አሉ። «ያኔ ጫጩቶቹ ነበሩ። አሁን ተራው የኔ ነው።»

እማሆይ ወለተ ሐና ተነፈሱ። ትልቋ እማሆይ ግን አልጨረሱም ነበር፦ «በውስጥ በኩል ይድፈን። በውጭ ደጁን ይተውላቸው፤ ክንድ የሚያህል ጎጆ ይብቃቸው። እኔም ከዚህ የሰፋ የለኝም።»

ኤልያስ ሲገባው ሳቀ። ከውስጥ ድንጋይ አስገብቶ በኖራ ደፈነው፤ ከውጭ አፉን አልነካውም። ክፍሉ በእርጥብ ኖራ ሽታ ተሞላ።

ኖራው ሳይደርቅ ጩኸቱን ሰማሁ። እየተንደረደሩ መጡ፣ ታጠፉ፣ እንደገና መጡ። አንዱ ወደ ቀድሞው ቀዳዳ ገባ፤ ወዲያው ወጣ። እንደገና ገባ፤ ወጣ። ቀጥሎ ሳይገባ ደረቱን ከግንቡ አላተመ። እናቴ ሥራዋን ጨርሳ ከደጃፉ፣ አውቶብሱ እየመጣ ነው ትላለች። ወፉ ዞሮ መጣ፣ ገባ። አልወጣም።

ከውስጥ ትልቋ እማሆይ ተጣሩ። ሮጥሁ፤ እናቴም ልትቆጣኝ ተከትላኝ ገባች። እሳቸው አልጋቸው ላይ ተንበርክከው ጆሯቸውን ከአዲሱ ኖራ ጋር አጣብቀዋል፤ ጉንጫቸው ነጥቷል።

«ዝም በሉ» አሉን።

ከግንቡ ውስጥ ጫር፣ ጫር የሚል ይሰማል።

«እየተመቻቸ ነው ወይስ የቀረውን ቤቱን እየፈለገ?» አልኋቸው።

«ከወዲህ ሆኜ እሱን በምን አውቃለሁ» አሉ፤ ጆሯቸውን ሳያነሡ ገለል ብለው ቦታ ለቀቁልን። እናቴ ነጠላዋን ከጆሮዋ መለስ አድርጋ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች፤ እኔም ከሥራቸው። አውቶብሱ ሲያልፍ መስኮቱ ነዘረ።

ከዚያ መጫሩ ቆመ። ተኝቶ ይሁን ጥሎ ሄዶ አላወቅንም። ወጥቶ ለማየት ግን ከሦስታችን አንዳችንም አልደፈርንም።